በክንድ ላይ የሚለጠፈው የስኳር መለኪያ፦ የሁለት ወር ልምድና ግምገማ

የስኳር ሕመም እንዳለብኝ ካወቅሁ 6 ዓመት ሞልቶኛል። በእነዚህ ዓመታት የማውቃቸው መለኪያዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንደኛው ጠዋት ጠዋት ጣቴን ወግቼ ስትሪፕ በሚባለው መለኪያ ወረቀት ላይ የማሳርፋት የደም ጠብታ ስትሆን፣ ሁለተኛው በየሦስት ወሩ ደም ተቀድቶ የሚነገረኝ፣ ኤዋንሲ (A1C) የሚባለው የሦስት ወር ያህል አማካይ ቁጥር ነው። የጠዋቱ ልኬት ብዙ ጊዜ ከ130 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር ስለማይበልጥ ሕመሙን በቁጥጥሬ ሥር ያደረግሁ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ጥር ግን ኤዋንሲዬ 8.1 ከመቶ ሆኖ፣ ከፍ ብሎ መጣ። ሁለቱ ቁጥሮች ለምን እንዳልተስማሙ ሐኪሜን ስጠይቃቸው፣ «ጠዋት የሚለኩት ሳይበሉ ያደሩበትን ነው፤ ከምግብ በኋላ የሚሆነውን ግን እስካሁን አላዩትም» አሉኝና በክንድ ላይ ተለጥፎ ቀንና ሌሊት ስኳር የሚለካውን ሴንሰር አዘዙልኝ።

የምኖረው አሌክሳንድርያ፣ ቨርጂንያ ነው። አብራኝ የምትኖረው ታናሽ እህቴ ከ19 ዓመቷ ጀምሮ ኢንሱሊን የምትወጋ የዓይነት 1 ስኳር ታማሚ ስትሆን፣ እኔ ደግሞ ሜትፎርሚን የሚባለውን እንክብል የምውጥ የዓይነት 2 ታማሚ ነኝ። በአንድ መሶብ የምንበላ፣ ሕመማችን ግን የተለያየ ሁለት ሰዎች ዕቃውን ለሁለት ወር ያህል አድርገነዋል ማለት ነው። ሁለታችንም ያደረግነው የየትኛው ኩባንያ ምርት እንደሆነ አልጠቅስም፤ የማነሣቸው በጎ ነገሮችም ሆኑ ጉድለቶች አሁን ገበያ ላይ ያሉትን ሁሉ በአመዛኙ የሚመለከቱ ናቸውና አንዱን ለማሞገስ ሌላውን ለመንቀፍ የተጻፈ እንዳይመስል እፈልጋለሁ።

ዕቃው የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ፕላስቲክ ነው። ከሥሩ የሚወጣው ተጣጣፊ ቀጭን ክር 5 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ወደ ቆዳ ውስጥ ይገባል። ክሩ ላይ ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የሚባል ኤንዛይም ተቀብቷል፤ ኤንዛይሙ ከግሉኮስ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠረው ኬሚካላዊ ለውጥ እጅግ ጥቂት ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ስኳሩ በበዛ መጠን ኤሌክትሪኩም ይበዛል። ሴንሰሩ ይህን ወደ ቁጥር ለውጦ በየጥቂት ደቂቃው ወደ ስልክ ይልካል። ኤንዛይምን ከኤሌክትሪክ መለኪያ ጋር አጣምሮ ስኳርን የመለካት ሐሳብ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1962 ሊላንድ ክላርክ ከተባሉት አሜሪካዊ ተመራማሪ ሲሆን፣ አሁን ሁላችንም የምናውቀው የጣት መለኪያም የተወለደው ከዚሁ ሐሳብ ነው። እዚህ ላይ ለጠይም ቆዳ ባለቤቶች የሚጠቅም አንድ ነጥብ ልጨምር። ጣት ላይ የሚቆነጠጠው የኦክስጅን መለኪያ በብርሃን ስለሚሠራ በጠቆረ ቆዳ ላይ የኦክስጅኑን መጠን ካለው አብልጦ ሊያሳይ እንደሚችል በጥናት ታይቷል። ይህ ሴንሰር ግን የሚሠራው በኬሚካል እንጂ በብርሃን ስላልሆነ የቆዳ ቀለም አያሳስበውም።

ከመጀመሪያው ማወቅ የሚገባ ነገር ቢኖር ሴንሰሩ የሚለካው ደምን አለመሆኑ ነው። ክሩ የተቀመጠው ከቆዳ ሥር በሕዋሳት መካከል ባለው ፈሳሽ ውስጥ ስለሆነ፣ ስኳር ከደም ወደዚያ ፈሳሽ እስኪሻገር ድረስ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ስኳሩ በረጋበት ሰዓት ይህ መዘግየት ለውጥ አያመጣም፤ በፍጥነት ሲወጣ ወይም ሲወርድ ግን የስልኩ ቁጥርና የጣቱ ቁጥር ይራራቃሉ። ይህን ሳላውቅ በመጀመሪያው ቀን ጣቴን አምስት ጊዜ እየወጋሁ ሁለቱን ሳስተያይ ዋልሁ።

መትከሉ ከፈራሁት በላይ ቀላል ነበር። የክንዴን ጀርባ በአልኮል ጠርጌ እስኪደርቅ ጠበቅሁና፣ እህቴ መትከያውን አስተካክላ ያዘችልኝ፤ ስትጫነው ጠቅ አለ፤ ሕመሙ ከጣት መውጋት ያነሰ ነው። አንድ ሰዓት ያህል ከጠበቅን በኋላ የመጀመሪያው ቁጥር መጣ፤ 124 ይላል።

የዚያኑ ዕለት ማታ፣ ዐቢይ ጾም ገብቶ ስለነበር፣ ሁለት እንጀራ በሽሮና በድንች ወጥ በላሁ። ከምግቡ በኋላ እንደ ልማዴ ሶፋ ላይ ጋደም ብዬ ስልኬን ሳይ፣ መስመሩ እንደ ዳገት ሽቅብ እየወጣ ነበር፤ 160፣ 190፣ 220። ከ70 ደቂቃ በኋላ 262 ላይ ቆመ፤ ወደ ነበረበት ለመመለስም አራት ሰዓት ፈጀበት። የአሜሪካ የስኳር ማኅበር ለአብዛኞቹ አዋቂ ታማሚዎች የሚያስቀምጠው ግብ ምግብ ከተጀመረ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ከ180 በታች እንዲሆን ነው። ጠዋት ጣቴን ስወጋ ግን እንደ ተለመደው 128 አገኘሁ። ስድስት ዓመት ሙሉ በየምሽቱ እንዲህ እየሆነ፣ እኔ በጠዋቷ ቁጥር እየተጽናናሁ መኖሬን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ታማሚው በገዛ እጁ ለክቶ ሕመሙን እንዲያውቀው ማድረግ ዛሬ የተለመደ ነገር ይመስለናል፤ ነገር ግን ብዙ ክርክር የተደረገበት ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 ሪቻርድ በርንስታይን የተባሉ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነት 1 ስኳር የነበረባቸው አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ለሆስፒታል የተሠራውን የስኳር መለኪያ ማግኘት ፈልገው ለታካሚ አይሸጥም ስለተባሉ ሐኪም በነበሩት ባለቤታቸው ስም አስገዙት። በቀን ብዙ ጊዜ እየለኩ ምግባቸውንና ኢንሱሊናቸውን አስተካክለው ጤናቸው ተሻሻለ፤ የሚሰማቸው ሐኪም ስላጡ በጎልማሳነታቸው ሕክምና ተምረው ራሳቸው ሐኪም ሆኑ። ስኳርን ወደ ጤነኛው መጠን ማቅረብ ዓይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን እንደሚያድን በማያሻማ መንገድ የታየው ግን እ.ኤ.አ. በ1993 ነው፤ በአሜሪካና በካናዳ 1,441 የዓይነት 1 ታማሚዎችን በአማካይ ለ6.5 ዓመት የተከታተለው ትልቅ ጥናት፣ ስኳራቸውን በጥብቅ የተቆጣጠሩት ሰዎች በዓይን ላይ የሚደርሰው ጉዳት ገና ሳይጀምራቸው ከሆነ በ76 ከመቶ እንደቀነሰላቸው አሳየ። ከዚያ ወዲህ ጥያቄው መለካት ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም የሚለው መሆኑ ቀርቶ፣ ሰው ሳይሰለች እንዴት ደጋግሞ ሊለካ ይችላል ወደሚለው ዞረ። አቦት የተባለው ኩባንያ የጣት ልኬት ለማስተካከያ የማያስፈልገውን ሴንሰሩን እ.ኤ.አ. በ2014 በአውሮፓ ሲያወጣ፣ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደግሞ በ2017 ፈቀደው። በ2024 ዴክስኮም ያወጣው ስቴሎ የሚባለው ሴንሰር ኢንሱሊን ለማይወጉ አዋቂዎች ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቅዷል።

ወደ መሶቡ ልመለስ። 262ን ካየሁ በኋላ የመጀመሪያ ሐሳቤ እንጀራን እርግፍ አድርጎ መተው ነበር፤ እንዲያውም ለአምስት ቀን ሞክሬዋለሁ፤ አምስቱንም ቀን ከፍቶኝ ነው የዋልሁት። ከዚያ ሐኪሜ ሁለት አነስተኛ ጥናቶች ነገሩኝ። አንደኛው እ.ኤ.አ. በ2015 ኒው ዮርክ ከሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት የወጣ ነው። ሜትፎርሚን የሚወስዱ 11 የዓይነት 2 ታማሚዎች ያንኑ ምግብ በሁለት የተለያዩ ቀናት ተመገቡት፤ በአንደኛው ቀን ዳቦውንና የብርቱካን ጭማቂውን አስቀድመው፣ በሌላው ቀን አትክልቱንና ዶሮውን አስቀድመው ዳቦውን ከ15 ደቂቃ በኋላ። አትክልቱና ፕሮቲኑ በቀደመበት ቀን ስኳራቸው ከአንድ ሰዓት በኋላ በ37 ከመቶ ያህል ዝቅ ብሎ ተገኘ። ሁለተኛው እዚሁ ጎረቤታችን ዋሽንግተን በሚገኘው የጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራና በ2013 የታተመ ሲሆን፣ ዕድሜያቸው ከ60 በላይ የሆኑና ለስኳር የተጋለጡ 10 ሰዎች ከእያንዳንዱ ምግብ በኋላ 15 ደቂቃ ሲራመዱ፣ በተለይ የእራት በኋላው እርምጃ የምሽት ስኳራቸውን በአንድ ጊዜ ከሚደረግ የ45 ደቂቃ ጉዞ በተሻለ መጠን ዝቅ እንዳደረገው አሳየ። የተሳታፊዎቹ ቁጥር ትንሽ ነው፤ ሐኪሜም ይህንኑ ደጋግመው ነግረውኛል። ነገር ግን ለመሞከር የሚጠይቁት ገንዘብም ሆነ የሚያስከትሉት ጉዳት ስለሌለ፣ ሴንሰሩ ክንዴ ላይ እያለ በራሴ ላይ ላያቸው ወሰንሁ።

ችግሩ የእኛ አበላል ነው። ፈረንጅ ሰላጣውን በአንድ ሳህን፣ ዳቦውን በሌላ ሳህን አድርጎ ተራ በተራ ሊበላ ይችላል፤ እኛ ግን ጎመኑንም፣ ምስሩንም፣ ሽሮውንም በእንጀራ ጠቅልለን በአንድ ጉርሻ ነው የምናነሣው። እህቴ መላ አበጀች። መሶቡ ከመቅረቡ በፊት ለየራሳችን በጎድጓዳ ሳህን ጎመንና አዚፋ በማንኪያ እንድንበላ አደረገች፤ ከዚያ ቡናው እስኪቆላ ያህል ቆይተን ወደ እንጀራው ገባን። እንጀራውን ከሁለት ወደ አንድ ተኩል አወረድሁት። ያን ቀን የደረስሁበት ከፍተኛ ቁጥር 205 ነበር። በማግስቱ ያንኑ በልቼ ሰሃኑ ሳይነሣ ኮቴን ደርቤ ወጣሁ፤ ሰፈሩን ሁለት ጊዜ ዞሬ ስመለስ መስመሩ 178 ላይ ጉብ ብሎ ቁልቁል መውረድ ጀምሮ ነበር። በብርድ እየተራመድሁ ቁጥሩ ከዓይኔ ሥር ሲመለስ ማየት፣ «እንቅስቃሴ አድርጉ» የሚለውን ለዓመታት የሰማሁትን ምክር ለመጀመሪያ ጊዜ የራሴ አደረገልኝ። ለእኔ የዕቃው ትልቁ ዋጋ ይህ ነው።

ይሁን እንጂ አንድን መስመር አይቶ በአንድ ምግብ ላይ መፍረድ ስሕተት ነው፤ ይህን የምለው ራሴ ተሳስቼ ስለነበር ነው። በእስራኤል፣ ረሆቦት በሚገኘው የቫይዝማን ተቋም የተሠራውና እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ታዋቂ ጥናት 800 ሰዎችን በሴንሰር ለአንድ ሳምንት ተከታትሎ፣ ወደ 47,000 የሚጠጉ ምግቦችን መዝግቦ፣ ያው ምግብ በአንዱ ሰው ላይ ስኳር ሲያስወጣ በሌላው ላይ ብዙም ለውጥ እንደማያመጣ አሳይቶ ነበር። ከዚያ በኋላ «ለእርስዎ የሚስማማውን ምግብ እንነግርዎታለን» የሚሉ ብዙ አገልግሎቶች በቅለዋል። በሌላ በኩል እዚሁ ቤተስዳ ባለው ብሔራዊ የጤና ተቋም ተመራማሪዎች በ2025 ያሳተሙት ጥናት፣ ስኳር የሌለባቸው ሰዎች ያንኑ ምግብ ደግመው ሲበሉት የሴንሰሩ ልኬት በሁለቱ ቀናት መካከል በጣም እንደሚለያይ አሳይቷል። እኔም ይህንኑ አይቻለሁ። አንድ ቀን ቂንጬ በልቼ 215 ስለደረስሁ ቂንጬን ከቤት ላባርር ስል፣ ከአምስት ቀን በኋላ ያንኑ መጠን በልቼ 171 ላይ ቀረ። በመጀመሪያው ቀን ሌሊቱን በሥራ አሳልፌ እንቅልፍ አጥቼ ነበር፤ ልዩነቱ ከዚያ ይምጣ ከሌላ ማወቅ አልቻልሁም። ስለዚህ አንድን ምግብ ቢያንስ ሦስት አራት ጊዜ ሳያዩ አይፍረዱበት፤ ምግቡን ብቻ ሳይሆን እንቅልፍንና ድካምንም አብረው ይጻፉ።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ ራሴ ነው። ለእህቴ ግን ሴንሰሩ የተለየ ነገር ነው። ኢንሱሊን የሚወጋ ሰው የሚፈራው የስኳር መውጣትን ብቻ ሳይሆን መውረድንም ነው፤ በተለይ የሌሊቱን። በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ ከክፍሏ የሚጮህ ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ስልኳ ነው፤ እርሷ አልሰማችውም። ገብቼ መብራት ሳበራ ሰሌዳው 58 እያለ ቀስቱ ቁልቁል ያመለክታል፤ ግንባሯና አንገቷ በላብ ርሷል፤ ስጠራት ትመልሳለች እንጂ የምትለው አይያያዝም። ግማሽ ብርጭቆ የብርቱካን ጭማቂ ደግፌ አጠጣኋት፤ ጣቷን ስወጋ 55 አነበብሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠን ሁለታችንም ስልኩን እናያለን። ከሩብ ሰዓት በኋላ ቀስቱ ቀና፤ ከዚያ 74 አለ። «ስንቱ ሌሊት እንዲህ ሆኜ አልፌ ይሆን?» አለችኝ፤ መልስ አልነበረኝም።

በዚህ ረገድ ጥናቱም ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በአውሮፓ የታተመ፣ ስኳራቸውን ደህና አድርገው በያዙ 239 የዓይነት 1 ታማሚዎች ላይ የተደረገ ንጽጽር፣ ሴንሰር ያደረጉት ሰዎች ስኳራቸው ከ70 በታች ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ በቀን ከ3 ሰዓት ተኩል ገደማ ወደ 2 ሰዓት እንደወረደ አሳይቷል። በብሪታንያ በ156 ሰዎች ላይ የተደረገውና በ2022 የታተመው ሌላ ጥናት ደግሞ ኤዋንሲያቸው ከፍ ያለባቸው ታማሚዎች ሴንሰር ሲያደርጉ ከ8.7 ወደ 7.9 ሲወርድ፣ ጣት ብቻ የሚወጉት ግን ከ8.5 ወደ 8.3 ብቻ እንደወረዱ ዘግቧል። አሁን እህቴ የምትጠብቀው ቀጣዩን ደረጃ ነው፤ ሴንሰሩ ከኢንሱሊን ፓምፕ ጋር ተገናኝቶ የሚሰጠውን መጠን በራሱ ከፍና ዝቅ የሚያደርግበትን። በ2019 በታተመ የስድስት ወር ጥናት 168 ሰዎች ተሳትፈው፣ ይህን ሥርዓት የተጠቀሙት ስኳራቸው ከ70 እስከ 180 ባለው ክልል የሚቆይበት ጊዜ ከ61 ወደ 71 ከመቶ ሲያድግ የሌሎቹ 59 ላይ ቀርቷል። አሥር ከመቶ ማለት በቀን ሁለት ሰዓት ከግማሽ ያህል ነው፤ ለ24 ሰዓት ስለ ስኳሩ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው።

ከዚያ ሌሊት በኋላ ጾሙን በሚመለከት የንስሐ አባቷን አነጋግራ ነበር። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበላ መቆየት እንደለመደች ስትነግራቸው ግራፉን በስልኳ አይተው፣ «ልጄ፣ ጠዋት ተነሥተሽ ቅመሺ፤ የሚጾመው በጤናው ነው» አሏት። ከፍስክ ምግብ ተቆጥባ ጠዋት በመብላት ጾሙን ፈጸመች።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልግባ። በመጀመሪያው ቀን ቁጥሩ የተዛባ ሊሆን ስለሚችል ብዙም አይደገፉበት። ሌላው፣ ሴንሰሩ ባለበት ጎን ተኝተው ክንድዎን ከተጫኑት በሥሩ ያለው ፈሳሽ ስለሚጨመቅ ስኳር የወረደ አስመስሎ ያሳያል። እኔ ሁለት ጊዜ «61» እያለ ቀስቅሶኝ፣ ጣቴን ስወጋ 118 እና 109 አግኝቻለሁ። እንግዲህ ያው ማንቂያ አንዱን ሌሊት እህቴን አድኗታል፣ ሌላውን ሌሊት እኔን በከንቱ አስደንግጦኛል፤ ስለዚህ ስትሪፕ ከቤት እንዳይጠፋ፤ የሚሰማዎትና ስልኩ የሚለው ካልተስማሙ ጣት መውጋት ግድ ነው። ከዚህም ሌላ በአንዳንድ ሴንሰሮች መመሪያ ላይ በቀን ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ቫይታሚን ሲ መውሰድ ቁጥሩን በሐሰት ከፍ እንደሚያደርግ ተጽፏል፤ ጉንፋን ሲይዘን አንዱን ባለ 1,000 ሚሊ ግራም እንክብል በውኃ በጥብጠን የምንጠጣ ብዙ ስለሆንን የገዙትን ምርት መመሪያ ያንብቡ። ማጣበቂያው እህቴን ያሳክካታል፤ የእኔ አንዱ ደግሞ የመኪና ቀበቶ ስፈታ ተነቅሎ፣ ሁለት ሳምንት ሊቆይ ሲገባው በዘጠነኛው ቀን ተበላሽቷል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የከበደኝ ግን ጭንቀቱ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስልኬን ሳላይ አሥር ደቂቃ የማልቆይ ሆኜ ነበር፤ መስመሩ ትንሽ ቀና ባለ ቁጥር ጥፋት የሠራሁ ይመስለኛል፤ ሰው ቤት ተጋብዤ የቀረበልኝን ሳልነካ ተመልሻለሁ። ለእኔ መፍትሔ የሆነኝ እያንዳንዱን ቁጥር ትቶ ሰሌዳው በቀኑ መጨረሻ የሚያሳየውን አንድ ቁጥር ማየት ነው። በ2019 የተሰበሰቡ የዓለም አቀፍ ባለሙያዎች ለአብዛኛው ታማሚ ያስቀመጡት ግብ ከቀኑ ጊዜ ቢያንስ 70 ከመቶው ከ70 እስከ 180 ባለው ክልል እንዲውል፣ ከ70 በታች የሚሆነው ደግሞ ከ4 ከመቶ እንዳይበልጥ ነው። እኔ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት 52 ከመቶ ነበርሁ፤ በመጨረሻዎቹ 74 ደርሻለሁ። መድኃኒቴ አልተለወጠም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን የጤና መድን ያላቸው ወላጆቻችን እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2023 ጀምሮ የትኛውንም ያህል ኢንሱሊን የሚወጉ ከሆነ ሽፋን ሊያገኙ እንደሚችሉ ብዙዎቹ አያውቁም፤ ጠይቁላቸው። የእህቴ የግል ኢንሹራንስ ግን ማዘዣው ከደረሰው በኋላ ተጨማሪ የሐኪም ደብዳቤ ጠይቆ፣ መድኃኒት ቤቱም ደብዳቤው ደርሶኛል አልደረሰኝም እያለ 16 ቀን አስጠብቋታል፤ ነገሩ ያለቀው እርሷ ራሷ ቆማ በስልክ ሁለቱን ስታገናኛቸው ነው። ያለ ማዘዣ የሚሸጠው ስቴሎ ለአንድ ወር የሚበቁ ሁለት ሴንሰሮች በ99 ዶላር ነው የወጣው። ለእኔ ዓይነቱ፣ እንክብል ብቻ ለሚወስድ ሰው፣ ይህን በየወሩ ማውጣት አያስፈልግም ባይ ነኝ። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንዱን በጾም አንዱን በፍስክ፣ ወር ወር አድርጎ መማርና በቀረው ጊዜ በጣት መቀጠል ይበቃል። ኢንሱሊን ለሚወጋ ሰው ግን ከሌላ ወጪ ተቆርጦም ቢሆን ያለማቋረጥ ሊኖረው የሚገባ ዕቃ ነው። ስኳር የሌለበት ጤነኛ ሰው ቢያደርገው ዕድሜውን ወይም ጤናውን እንደሚያሻሽልለት ያሳየ ጠንካራ ማስረጃ እስካሁን የለም፤ ማስታወቂያው ግን ሌላ ይላል።

ስለ ማስታወቂያ ከተነሣ፣ ቆዳ ሳይወጉ ስኳር ይለካሉ እየተባሉ በኢንተርኔት የሚሸጡ ሰዓቶችንና ቀለበቶችን አትግዙ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2024 ባወጣው ማስጠንቀቂያ እንዲህ ያለ ሰዓትም ሆነ ቀለበት አንድም እንዳልፈቀደ ገልጿል። አንድ የማውቃቸው አባት ከእነዚህ ሰዓቶች አንዱን ገዝተው በሚያሳየው ቁጥር ተማምነው ኢንሱሊናቸውን ይቀንሱ ነበር፤ በሰዓቱ ላይ የነበረው 112 በጣት ሲለካ 287 ሆኖ ተገኘ።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ወደ አገር ቤት መላክ ይቻላል ወይ እያለ ነው። እኛም ደሴ ላለችው ለ71 ዓመቷ እናታችን ልንልክ አስበን ነበር። አስበን የተውነው ስልኳ ከመተግበሪያው ጋር ስለማይሄድ፣ ሴንሰሩ ቢበላሽ እዚያ የሚተካላት ስለሌለ፣ እንዲሁም በየሁለት ሳምንቱ የሚያልቅን ነገር በመንገደኛ እጅ ያለማቋረጥ ማድረስ ስለማይቻል ነው። በዚያው ገንዘብ የዓመት ስትሪፕ፣ መለኪያና ባለ መስመር ደብተር ላክንላት። ከጠዋቱ ልኬት ሁለቱን ቀን ወደ ከምሳ በኋላ እንድታዛውረው፣ ጎመኑንና ምስሩን እንድታስቀድምና በልታ ወደ ጎረቤት ደርሳ እንድትመለስ ነገርናት። እሁድ እሁድ ስንደውል ቁጥሮቹን ከደብተሩ ታነብልናለች፤ እህቴ እዚህ ትጽፋለች። ባለፈው እሁድ ያነበበችው ከምሳ በኋላ ሁለት ሰዓት ላይ 186 ነበር፤ በመጀመሪያው ሳምንት 241 ነበረች።